ልጃችን የሚነዳው ብስክሌት ፍሬኑ ምን ዓይነት ነው?

 

ዒድ በተቃረበ ቁጥር ልጆቻችን ልብስና ጫማ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ዕድሜያቸው ዐሥር ዓመት ያለፈው ግን ከዚያ ከፍ ያለውን ይጠይቃሉ፤ ብስክሌት ይሉናል። የአቅም ነገር ሆኖ ለአንዳንዱ አዲስ ይገዛለታል፤ ለአብዛኛው ደግሞ ሌላ ልጅ ነድቶ ያደገበት ብስክሌት ተፈልጎ ይመጣለታል። አባት በዋጋው ይከራከራል፤ እናት ልጄ ይወድቅብኛል ብላ ትሰጋለች፤ ልጁ ቀለሙን አይቶ ማርሹን ይቆጥራል። ፍሬኑን ጨብጦ የሚያይ ሰው ግን አይገኝም ማለት ይቻላል። እኛም ብንሆን እስካለፈው ዓመት ክረምት ድረስ ከማያዩት ወገን ነበርን።

የምንኖረው ደሴ ነው። ደሴን የሚያውቅ ሰው መሬቷንም ያውቃል፤ ከቤቱ ወጥቶ ዳገት ወይም ቁልቁለት ሳይገጥመው ሁለት መቶ እርምጃ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ከዐስር ሰላት በኋላ ቁርኣን ከምናስቀራቸው ልጆች አንዱ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ አባቱ ከሰው ላይ በገዙለት ብስክሌት ከላይኛው ሰፈር ወደ መድረሳው ይወርዳል። የኋላው ፍሬን ገመድ ከተበጠሰ ሰንብቷል። የፊቱ ደግሞ ሲጨብጡት መጨበጫው መሪው ድረስ ይመጣል እንጂ ብስክሌቱን አያቆመውም። ልጁ ታዲያ የራሱን ፍሬን አበጅቶ ነበር፤ የጫማውን ሶል ከኋላው ጎማ ላይ መጫን። ይህን ዘዴ በልጅነቱ ያልሞከረ አንባቢ ካለ እሱ ዕድለኛ ነው። የዚያን ዕለት ግን ካፊያ ጥሎ ስለነበር ጫማው በእርጥቡ ጎማ ላይ ተንሸራተተ። ከወፍጮ ቤት እህል አስፈጭተው ይመለሱ የነበሩ አንዲት እናት መንገድ ሲሻገሩ ላያቸው ላይ ወጣባቸው። እማማ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ፤ ልጁም ሁለት የፊት ጥርሶቹን አጣ። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ የእማማ እጅም ድኗል፤ ቅዝቃዜ ሲሆን ይቆረጥመኛል ከማለታቸው በስተቀር።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። የልጁ አባት የማሳከሚያውን ወጪ ያለ ክርክር ተቀበሉ። ብስክሌቱን የሸጠውም ጎረምሳ ተጠርቶ መጣና ፍሬኑ እንደማይሠራ ያውቅ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ «አውቃለሁ። ስለ ፍሬኑ ግን አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር» አለ። አባትየው ደግሞ ቀበል አድርገው፣ «እኔስ ምኑን አውቄ እጠይቀዋለሁ፣ ልጄ? ጎማ አለው ወይ አልኩህ፤ አለው አልከኝ» አሉ። ሁለቱም መልሶች እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጡም። በሻጩ መልስ ላይ ወደ በኋላ እንመለስበታለን፤ የዛሬውን ዝግጅት ያጻፈን ግን የአባትየው መልስ ነው። ሰው የማያውቀውን ነገር አይጠይቅም።

ፍሬን ምን ይሠራል?

ብስክሌት ሲሮጥ የያዘው ጉልበት አለ። ፍሬን ያንን ጉልበት አያጠፋውም፤ በመፋተግ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሙቀቱም ወደ አየር ይሄዳል። በትምህርት ቤት ፊዚክስ እንደተማርነው ይህ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህም በደረቅ አስፋልት፣ በደህና ፍሬን፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት ፍሬን ከተያዘበት ቦታ አንሥቶ 3 ሜትር ያህል ሄዶ ሲቆም፣ በ40 ኪሎ ሜትር የሚወርደው 12 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ነጂው አደጋውን አይቶ እጁን እስኪጨብጥ የሚያልፈውን አንድ ሰከንድ ስንጨምርበት ደግሞ ሌላ 11 ሜትር ይመጣል። በቁልቁለት ላይ ይህም ይረዝማል። ልጅ ይህን በሒሳብ ሊያውቀው አይችልም፤ ሜዳ ላይ የሚይዝለት ፍሬን ቁልቁለትም ላይ የሚይዝለት ይመስለዋል።

ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ እናስብ። ዝቅታው ከ600 ሜትር በላይ ነው። ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢመዝኑ፣ እስከ ታች ድረስ የሚለቀቀው ጉልበት ወደ 470 ሺህ ጁል ይደርሳል፤ ይህም ከአንድ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ነጂው ቀስ ብሎ ከወረደ ነፋሱ የሚወስደው ጥቂት ስለሆነ፣ የጀበናው እሳት ሁሉ የሚያርፈው በሁለት ትናንሽ ፍሬኖች ላይ ነው ማለት ነው። የፍሬን ዓይነቶች የሚለያዩት በዋነኝነት ይህን ሙቀት የት እንደሚያስቀምጡትና ከእጃችን የሚመጣውን ጉልበት በምን እንደሚያስተላልፉት ነው።

ከቀድሞው ጊዜ

በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ብስክሌት ላይ የነበረው ፍሬን ማንኪያ መሳይ ብረት ሆኖ ከላይ ወደ ታች ጎማውን የሚጫን ነበር። ልጁ በጫማው ሶል ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዶ። እ.ኤ.አ. በ1888 ደንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ ካስተዋወቀ በኋላ ማንኪያው ጎማውን እየበላ አስቸገረ። በዚህ ምክንያት መፋተጉ ከጎማው ተነሥቶ ወደ ቸርኬውና ወደ ጎማው መሐል፣ ማለትም ወደ ሞዞው ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1896 ደግሞ ቦውደን የተባለው ሰው ዛሬ በየብስክሌቱና በየሞተር ሳይክሉ የምናየውን፣ በመሸፈኛ ቱቦ ውስጥ የሚንሸራተተውን የሽቦ ገመድ በስሙ አስመዘገበ። አሁን የምናውቃቸው ፍሬኖች ከሞላ ጎደል የዚህ ጊዜ ልጆች ናቸው።

የዘንግ ፍሬን

በዕድሜ የገፉ አባቶች በሚያስታውሷቸው ትላልቅ ጥቁር ብስክሌቶች ላይ ያለው ይህ ነው። የቻይናው ፎኒክስና የህንዱ ሂሮ ሲሠሩባቸው የኖሩት በዚህ ፍሬን ነው። ገመድ የለውም፤ ከመሪው ሥር የተያያዙ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች መጨበጫው ሲሳብ ወደ ላይ ይነሣሉ፤ ሸራዎቹም (ሸራ ስንል በየፍሬኑ ላይ የሚፋተገውን ላስቲክ ማለታችን ነው) ቸርኬውን ከውስጥ በኩል፣ ሽቦዎቹ በሚሰኩበት ገጽ ላይ ይጫኑታል። የሚዝግና የሚበጠስ ገመድ ስለሌለው ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ቢጣመምም በመዶሻ ይቃናል። ለሜዳ አገር፣ ቀስ ብሎ ለሚነዳ አዋቂ ሰው ደህና ነው። ጉድለቱ ከዝናብ ጋር ነው። የእነዚህ ብስክሌቶች ቸርኬ የሚያብረቀርቅ ብረት ስለሆነ ሲረጥብ የመያዝ ኃይሉ እጅግ ይቀንሳል። በዝናብ ጊዜ መቆም ከሚያስፈልገን ቦታ ቀደም ብለን ፍሬኑን በቀስታ ነካ ነካ ማድረግ ውሃውን ከቸርኬው ላይ ይጠርገዋል። ይህ ምክር ቸርኬን ለሚይዙ ፍሬኖች ሁሉ ይሠራል፤ የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን ከብረቱ በጣም ይሻላል።

ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዘው

በትናንሽ ልጆች ብስክሌት ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፍሬን መጨበጫ የለውም። ልጁ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጥ በኋላው ጎማ ሞዞ ውስጥ ያሉ ሸራዎች ወደ ውጭ ተከፍተው ሞዞውን ከውስጥ ይይዙታል። ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ትልቅ ራሕመት ነው፤ ትንሽ እጅ የማይችለውን እግር ይችለዋልና። ዝናብም አቧራም አይደርስበትም።

ነገር ግን ወላጅ ማወቅ ያለበት ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ የዚህ ፍሬን ነፍስ ካቴናው ነው። ካቴናው ከወለቀ ወይም ከተበጠሰ ፍሬን የሚባል ነገር የለም፤ ልጁም ይህን የሚያውቀው ቁልቁለቱ መሐል ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ከሞዞው ወጥታ በብስክሌቱ አካል ላይ በቡሎን የምትታሰር ትንሽ የብረት ክንድ አለች። የኋላውን ጎማ ጠግኖ የመለሰ ሰው ይህችን ክንድ ሳያስር ከተዋት ፍሬኑ አይዝም። ሦስተኛ፣ በረጅም ቁልቁለት ሞዞው ውስጥ ያለው ግሪስ ግሎ ይጨሳል። ስለዚህ ይህ ዓይነት ፍሬን ብቻውን ለሜዳና ለግቢ ነው እንጂ ለደሴ አይሆንም። የፊት የእጅ ፍሬን ቢጨመርበት ግን እንወደዋለን።

በእጅ እየተያዘ ቸርኬውን የሚጨብጠው

በአሁኑ ጊዜ በከተሞቻችን ከሚነዱት ብስክሌቶች የሚበዙት ከዚህ ወገን ስለሆኑ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

አንዱ ዓይነት እንደ ፈረስ ኮቴ ወይም እንደ ጉጠት ሆኖ ከጎማው በላይ በአንድ ቡሎን የሚንጠለጠለው ነው። ገመዱ ሲሳብ ሁለቱ ክንዶች ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ይጨብጡታል። ጎማቸው ቀጭን በሆኑ የእሽቅድምድም ብስክሌቶች ላይ በደንብ የተሠራው በጣም ጥሩ ነው። በርካሽ የልጆች ብስክሌት ላይ የሚመጣው ግን ክንዱ ከቀጭን ቆርቆሮ የተቆረጠ ስለሆነ ሲጨብጡት ራሱ ይጎብጣል፤ ጉልበታችን ቸርኬው ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ስንገዛ ጨብጠን ማየት ያለብን ክንዱ ሲጣመም እንደሆነ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ሁለቱ ክንዶች ተለያይተው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ በብስክሌቱ ሹካ ላይ የተተከሉበት ነው። ከእነዚህ የታወቀው ሺማኖ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 «ቪ ብሬክ» ብሎ ያወጣው ነው። ክንዶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ገመዱም ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ከላይ አግድም ያልፋል። በትንሽ የጣት ጉልበት አጥብቆ ይይዛል፤ መለዋወጫውም አይጠፋም፤ ጠጋኙም ያውቀዋል። ለቤተሰብ ብስክሌት ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ይህን ነው።

ችግሩ ሁለት ነው። ክንዶቹ ረጃጅም በመሆናቸው ብዙ ገመድ መሳብ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለእነሱ ተብሎ የተሠራ፣ ብዙ ገመድ የሚስብ መጨበጫ ያስፈልጋቸዋል። የተማሪያችንን ብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ ስንወስደው ሰውየው ፍሬኑን ሳይሆን መጀመሪያ መጨበጫውን አየና፣ «ኡስታዝ፣ ይኼ መጨበጫ የዚህ ብስክሌት አይደለም፤ ከሌላ ተነቅሎ የመጣ ነው። ልጁ ቢጨብጥ፣ ቢጨብጥ፣ ከየት አምጥቶ ይያዝለት?» አለን። አንድ ሰው የተሰበረውን መጨበጫ ከአሮጌ ብስክሌት ላይ በተነቀለ ተክቶት ኖሯል። ላዩ ሲታይ ፍሬኑ ሙሉ ነው፤ ገመድ አለው፤ ሸራ አለው፤ ግን አይሠራም። እኛ ሁላችን፣ አባትየው ጭምር፣ ያንን ብስክሌት ስንት ጊዜ አይተነዋል!

ሁለተኛው ችግር፣ ገመዱ ወደ ክንዱ ሲገባ የሚያልፍባት የጎበጠች ትንሽ ቱቦ ናት። ጎማ ሲፈነዳ ጎማውን ለማውጣት ቱቦዋ ከቦታዋ ትላቀቅና ክንዶቹ ይከፈታሉ። ልጆች ጎማውን ከመለሱ በኋላ እሷን መመለስ ይረሳሉ። ያን ጊዜ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው። ጎማ በተጠገነ ቁጥር «ፍሬኑን መለስክ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የቤቱ ልማድ ቢሆን መልካም ነው።

ስለ ሸራዎቹም አንድ ነገር እንበል። ሸራው ሲነካ ቸርኬውን ብቻ መንካት አለበት። ወደ ላይ ከወጣ ጎማውን ይቀድዳል፤ ወደ ታች ከወረደ ሽቦዎቹ መካከል ሊገባ ይችላል። ብዙዎቹ ሸራዎች ላይ ቦይ መሳይ መስመሮች አሉ፤ መስመሮቹ ከጠፉ ሸራው አልቋል። ገመዱም ጫፉ ላይ መፈታታት ከጀመረ ወይም አንድ ክሩ እንኳ ከተበጠሰ እስኪጨርስ አይጠበቅም። ገመድ የሚበጠሰው አጥብቀን በምንጨብጥበት ሰዓት ነውና።

ታምቡርና ዲስክ

እንደ መኪና ታምቡር በሞዞው ውስጥ ተዘግቶ የሚሠራ የእጅ ፍሬንም አለ። በኔዘርላንድ የከተማ ብስክሌቶች ላይ የተለመደ ነው። ዝናብ አይነካውም፤ ይከብዳል፤ በአገራችን ብዙ ስለማይገኝ እናልፈዋለን።

ዲስክ ግን ዛሬ ልጆቻችን በስም የሚጠይቁት ነው። ከሞዞው ጎን ቀጭን የብረት ሰሃን ትታሰራለች፤ ትንሽ መንጋጋም ሰሃኗን በሁለት ሸራ ይነክሳታል። ቸርኬው ቢረጥብም፣ ቢጣመምም፣ ጭቃ ቢይዝም ግድ የለውም። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ እ.ኤ.አ. በ2018 ለመንገድ እሽቅድምድም ሙሉ በሙሉ ከፈቀደው ወዲህ ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙበት ይኸው ሆኗል። ይሁን እንጂ ዲስክ ያለው ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። በገመድ የሚሠራ ርካሽ ዲስክ በደንብ ከተያዘ ቪ ብሬክ ያንሳል እንጂ አይበልጥም። ለማማር ብቻ የተደረገበት ብስክሌት ብዙ ነው፤ ልጁን ማስቀየም ቢከብድም ይህን ማወቁ ገንዘብ ያድናል።

በዘይት የሚሠራው ዲስክ ከሁሉ የበረታ ነው፤ ጥንቃቄውም የበዛ ነው። ዘይቱ ሁለት ዓይነት ነው። ሺማኖ የሚጠቀመው ሚነራል ዘይት ነው፤ ሌሎች ደግሞ እንደ መኪና «ዶት» የሚባለውን የፍሬን ዘይት ይጠቀማሉ። አንዱን በሌላው ቦታ ማድረግ የውስጡን ላስቲኮች ያበላሻል፤ ፍሬኑም ዘይት እያፈሰሰ ይከዳል። ጋራዥ ወስደን «የፍሬን ዘይት ጨምርበት» ስንል መካኒኩ በቅን ልቡና የመኪናውን ሊጨምርልን ይችላል፤ ስለዚህ በመጨበጫው ላይ የተጻፈውን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል። ጎማው ወጥቶ ሳለ መጨበጫውን መጨበጥም አይገባም፤ ሸራዎቹ ተገናኝተው ይቀራሉ። ካቴና ሲቀባ አንድ ጠብታ ዘይት ሰሃኗ ላይ ቢያርፍ ሸራው ዘይቱን ይጠጣና መያዝ ይተዋል። ከቁልቁለት በኋላም ሰሃኗን በጣት መንካት እጅን ያቃጥላል፤ ትናንሾቹን ልጆች ልብ በሉልን።

የፊቱ ነው ወይስ የኋላው?

በየሰፈሩ «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» እየተባለ ልጆች ፈርተው የኋላውን ብቻ ይይዛሉ። አንዳንድ አባቶችም የፊቱን አስፈትተው ይጥሉታል። እኛም እንዲህ ተብለን ነው ያደግነው። ነገሩ ግን ከፊል እውነት ነው። የሚኒባስ ሾፌር በድንገት ሲይዝ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት እንደሚያጎነብስ፣ ብስክሌትም ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊተኛው ጎማ ይሄዳል፤ የኋላው ይቀልላል። የቀለለ ጎማ ደግሞ ሲያዝ መንሸራተት እንጂ ማቆም አይችልም። ስለዚህ የኋላውን ብቻ የያዘ ሰው ለመቆም ሁለቱንም ከያዘው በግምት እጥፍ ርቀት ይፈልጋል። ከላይ ያልነው 12 ሜትር ወደ 24 ይደርሳል።

የፊቱን በድንገት፣ እጅን ቀጥ ሳያደርጉ፣ ሰውነትን ወደ ፊት አዘንብሎ የያዘ ይገለበጣል፤ ይህ እውነት ነው። መፍትሔው መፍታት አይደለም፤ ማስተማር ነው። ሜዳ ላይ ልጁ ቀስ ብሎ እየነዳ ሁለቱንም ፍሬኖች በአንድነት፣ ቀስ በቀስ እያጠበቀ፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ ሸሸት እያደረገ እንዲቆም ደጋግመን እናለማምደው። የኋላው ጎማ መንሸራተት ሲጀምር የፊቱን ጥቂት ማላላት ነው። በአሸዋና በጠጠር ላይ፣ በመታጠፊያም ውስጥ የፊቱን አጥብቆ መያዝ አይገባም፤ ፍጥነትን መቀነስ ከመታጠፊያው በፊት ነው።

ደግሞም የትኛው እጅ የትኛውን ፍሬን እንደሚይዝ በሁሉም አገር አንድ አይደለም። በእንግሊዝ ልማድ ቀኝ እጅ የፊቱን ይይዛል፤ በአሜሪካ ግን የፊቱ በግራ ነው። ያገለገለ ብስክሌት ከየት እንደመጣ ስለማይታወቅ ሳይሞክሩ መንዳት አያስፈልግም።

ጭነትንም አንርሳ። ወንድሙን ከኋላ ያፈናጠጠ ወይም ሃያ ሊትር ውሃ በጀሪካን የጫነ ልጅ ፍሬኑ ያው ነው፤ የሚያቆመው ክብደት ግን ጨምሯል። ለእህቶቻችንም አንድ ማስታወሻ፦ የረዘመ ልብስና የተንጠለጠለ የሒጃብ ጫፍ በካቴናውና በኋላው ጎማ ሽቦዎች ስለሚያዝ፣ ካቴናው መከለያ ያለው ብስክሌት ይመረጥላቸው። እጃቸው ትንሽ ለሆነ ልጆችም በብዙ መጨበጫዎች ላይ ያለችው ትንሽ ብሎን ስትጠብቅ መጨበጫው ወደ መሪው ይቀርብላቸዋል። ይህችን ብሎን የሚያውቃት ወላጅ ብዙ አላጋጠመንም።

«አልጠየቁኝም»

ወደ ሻጩ መልስ እንመለስ። በአላህ መመካትን በተመለከተ ግመሉን ልሰራት ወይስ ልተዋት ብሎ የጠየቀው ሰው ሐዲስ በየቤታችን የታወቀ ስለሆነ አንደግመውም፤ ልጅን ያለ ፍሬን ቁልቁለት ሰዶ «አላህ ይጠብቀው» ማለት የቱ ጋ እንደሚወድቅ አንባቢ ይፈርዳል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን የገበያው ሐዲስ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ አገኙት። ነጋዴው ዝናብ መትቶት እንደሆነ ነገራቸው። አልዋሸም፤ ማንም አልጠየቀውም ነበር። ሆኖም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ነው የተገሠጸው። የኛ ጎረምሳም አልዋሸም። የእሱም እርጥብ እህል የፍሬኑ ገመድ ነበር።

የልጁ፣ የአባቱና የሻጩ ተጠያቂነት በፊቅህ እንዴት እንደሚከፋፈል መናገር የዑለማኦች ድርሻ ነውና ለእነሱ እንተወዋለን። ሽማግሌዎቹ ግን ጎረምሳውን ሲመክሩት ያሉት ልክ ነበር ብለን እናምናለን። ብስክሌት ስትሸጥ ገዢው ባይጠይቅህም ፍሬኑን ራስህ ጨብጠህ አሳየው፤ የማይሠራ ከሆነም አይሠራም ብለህ ዋጋውን ቀንስለት አሉት። ልጁ ተቆጥቶ ነው የሄደው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን መጥቶ የአዲሱን መጨበጫና የሁለቱን ገመዶች ዋጋ ለአባትየው ሰጥቷል። እንዲህ ያደርጋል ብለን አልጠበቅንም ነበር።

የሚገዛ ሰው ምን ያድርግ? ብዙ እውቀት አይጠይቅም። ብስክሌቱን አቁሞ የፊቱን ፍሬን አጥብቆ ጨብጦ ወደ ፊት ይግፋው፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ የፊቱ ካልተንከባለለ ይይዛል ማለት ነው። የኋላውን ጨብጦ ቢገፋው ጎማው እየተጎተተ መሄድ አለበት እንጂ መሽከርከር የለበትም። መጨበጫው እስከ መጨረሻ ተጨብጦ በመሪውና በእሱ መካከል ቢያንስ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቅር። ከዚያ ጎማዎቹን አንሥቶ ያሽከርክራቸው፤ ቸርኬው እየተወላገደ አንድ ቦታ ላይ ሸራውን የሚነካ ከሆነ ይስተካከልልኝ ይበል። ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ አይወስድም፤ ከዋጋው ክርክር በጣም ያጥራል። ቤት ከገባ በኋላም በየጁሙዓው ጧት፣ ልጁ ለሰላት ከመተጣጠቡ በፊት፣ ራሱ እንዲደግመው ቢለመድ ወላጅን ያሳርፋል።

ረጅም ቁልቁለት ለሚወርዱ ወጣቶች የምንጨምረው፣ ፍሬኑን ሳይለቁ ለረጅም ጊዜ ይዞ መውረድ ቸርኬውን አግሎ ጎማውን ሊያፈነዳው እንደሚችል ነው። አጥብቆ ይዞ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከዚያ ለቀቅ ማድረግ፣ መሐል ላይም ወርዶ ማሳረፍ ይሻላል።

የተማሪያችን ብስክሌት አሁን ሁለት ፍሬን አለው። ወደ መድረሳው ሲመጣ በእማማ በር በኩል ነው የሚያልፈው፤ እሳቸውም ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ካዩት ሳያስቆሙት አያሳልፉትም። «ና እስኪ፣ ጨብጠው» ይሉታል። ወርዶ የፊቱንም የኋላውንም ጨብጦ ያሳያቸዋል። «ሂድ እንግዲህ፣ አላህ ያሳድግህ» ይሉታል።